የኤሌክትሪክ ሥልጠናዬ እስካሁን፦ ሁሉም ነገር ከሽቦው ይጀምራል

የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥልጠና ላይ ነኝ። ግማሹ ክፍል ውስጥ ነው፣ ግማሹ ሳይት ላይ። እናንተም መንገዱ ላይ ያላችሁ ወይም ልትጀምሩ የምታስቡ ስላላችሁ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ። ሁሉንም አልነካም። የቀለለኝን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ ራስ ያዞረኝ ላይ ቆየት እላለሁ።

መብራት ማገናኘት ቀላል ነው። አንድ ማብሪያ ለአንድ አምፖል፣ ሶኬት፣ ደወል፣ እነዚህ እጅ ሲለምድ ይመጣሉ። ቱ ዌይ የሚባለው፣ ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋው መብራት፣ ብዙዎቻችንን ያስፈራል። የሚያስፈራው ግን ሥዕሉን ልንሸመድድ ስንሞክር ነው። ማብሪያው ከኋላ ሦስት መግቢያ አለው፣ አንዱ ኮመን (የጋራው) ነው። ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ፣ በአንደኛው ማብሪያ ኮመን ይገባል። ወደ አምፖሉ የሚሄደው ከሁለተኛው ማብሪያ ኮመን ይወጣል። የቀሩትን መግቢያዎች ሁለት ሽቦዎች ያገናኟቸዋል፣ በቃ። ሦስተኛ ቦታ ከተፈለገ መሃል ላይ አራት መግቢያ ያለው ኢንተርሚዲየት ይጨመራል። ሥዕሉን ትታችሁ ጣታችሁን ፌዙ ላይ አድርጉና «አሁን የት ደረሰ?» እያላችሁ ተከተሉት። እኔ ከዚያ ወዲህ ሸምድጄ አላውቅም።

ራስ ያዞረኝ ብሬከር ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል፤ ሲከብደው ይጥላል፣ ማለትም መስመሩን ይቆርጣል፣ መልሰህ ታነሳዋለህ። ግን ማንን ነው የሚጠብቀው? ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው «ቴሌቪዥኑን» ወይም «ሰውን» ይላችኋል። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ይሄ አንዴ ሲገባችሁ የሙያው ግማሽ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ደብተሬ ሽፋን ላይ የጻፍኩት ሕግ አለ፦ የጭነቱ አምፔር ከብሬከሩ አይበልጥ፣ የብሬከሩ አምፔር ሽቦው ከሚችለው አይበልጥ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። በተለመደው የቤት ሥራ 1.5 (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ለመብራት በ10 አምፔር፣ 2.5 ሽቦ ለሶኬት በ16 አምፔር ታዩታላችሁ። ግን ይሄም ቢሆን እንደ ጸሎት የሚደገም አይደለም። ያው 2.5 ሽቦ ግድግዳ ላይ ብቻውን ሲሄድና ሙቀት በሚይዝ ነገር ውስጥ ከሌሎች ጋር ታጭቆ ሲሄድ የሚችለው አምፔር አንድ አይደለም። ሙቀቱ መውጫ ካጣ አቅሙ ይወርዳል። ርቀቱ ሲረዝም ደግሞ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀንሳል፣ ያኔ ወፈር ያለ ሽቦ ያስፈልጋል።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ሁለት 2200 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት አንድ መስመር ላይ ተሰኩ እንበል። ድምሩ 4400 ዋት ነው፣ ለ220 ሲካፈል 20 አምፔር። ብሬከሩ 16 ነው። ወዲያው ይጥላል ትሉ ይሆናል። ላይጥል ይችላል። ለቤት ብሬከሮች በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት በ1.13 እጥፍ፣ ማለትም በ18 አምፔር አካባቢ፣ ለአንድ ሰዓት መጣል የለበትም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የግድ መጣል ያለበት በ1.45 እጥፍ ነው፣ ይሄም 23.2 አምፔር ይሆናል። 20 አምፔር መሃላቸው ላይ ነው የሚወድቀው። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል፣ ሽቦው ደግሞ እየሞቀ ነው። ስለዚህ መስመር ስንከፋፍል «ቢበዛ ብሬከሩ ይጥላል» ብሎ መተማመን ዋጋ የለውም። ከባድ ጭነት ያለበት ቦታ የራሱ መስመር ይሰጠው።

ከዚህ የባሰው ብሬከሩ እየጣለ ሲያስቸግር 16ቱን አውልቆ 32 መግጠም ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ቦታ ይደረጋል። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ የፊውዙን ሥራ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይረከበዋል።

ታዲያ ሰውን ማን ይጠብቃል? አርሲዲ ነው። በፌዝ የሄደው ሁሉ በኒውትራል፣ ማለትም በመመለሻው ሽቦ፣ መመለሱን ይቆጣጠራል። የተወሰነው በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ካመለጠ ይቆርጣል። ለሰው መከላከያ የሚገጠመው አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊአምፔር ነው። 30 ሚሊአምፔር ማለት 0.03 አምፔር ነው። ለ16 አምፔር ብሬከር ይሄ ከምንም አይቆጠርም። የነዘረው ሰው ሊሞት ሲደርስ እንኳ ብሬከሩ የጎደለ ነገር አይታየውም። ላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫንዋት፣ ለጌጥ አልተቀመጠችም። ግን አርሲዲውም ቢሆን ፌዝና ኒውትራልን አንድ ላይ የያዘን ሰው አያድንም፣ ምክንያቱም የሄደው በሙሉ ይመለሳል።

አሁን ወደ እጅ ሥራ። የሽቦ አላላጥ ይሄን ያህል የሚወራለት ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፕላስቲኩን ስትቆርጡ ምላጩ መዳቡን ከነካው ቀጭን ጭረት ይተዋል። አይታይም ማለት ይቻላል። ሽቦው አንድ ሁለቴ ሲታጠፍ እዚያችው ቦታ ላይ ይሰበራል። ከመጠን በላይ ከላጣችሁ መዳቡ ከመግቢያው ውጭ ራቁቱን ይቀራል። ካሳነሳችሁ ብሎኑ ፕላስቲኩን ይነክሳል፣ የጠበቀ ይመስላል፣ ግን የያዘው መዳቡን አይደለም። አሠልጣኛችን የሚያደርገው ነገር አለ። ብሎኑን ካጠበቅን በኋላ ሽቦውን አንድ በአንድ ይዞ ሳብ ያደርገዋል። ከወጣ ምንም አይልም፣ ካቻቪቴውን መልሶ ያቀብለናል።

የላላ ብሎን ለምን እንደሚያስፈራ ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። መገናኛው ላይ 0.1 ኦም ብቻ ይኑር እንበል። 16 አምፔር ሲያልፍበት 16 በ16 ተባዝቶ በ0.1 ሲባዛ 25.6 ዋት ሙቀት ይሆናል። ያ አንዲት ብሎን ላይ የተከማቸ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ሌድ የሚያቀልጥበትን መበየጃ ሶኬት ውስጥ ለኩሶ እንደ መተው ነው። አምፔሩ ስላልጨመረ ብሬከሩ አያውቀውም። አርሲዲውም ምንም ስላላመለጠ አያውቀውም። ጠቁሮ የቀለጠ ሶኬት ስታዩ መጀመሪያ ብሎኑን ጠርጥሩ።

ሳይት ላይ አብዛኛው ጊዜያችን በቱቦ ነው የሚያልፈው። ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ከመሞላቱ በፊት ኮንዲዩቱ (የሽቦ ቱቦው) ፌሮው ላይ ታስሮ፣ አፉ ተደፍኖ፣ መታጠፊያው ሰፋ ብሎ መቀመጥ አለበት። ኮንክሪት አንዴ ከፈሰሰ መመለስ የለም። አፉ ክፍት የቀረ ቱቦ ሲሚንቶ ይጠጣል፣ ከዚያ ሽቦ አይገባበትም። መታጠፊያ በበዛ ቁጥር ሽቦ መሳብ ይከብዳል፣ በጉልበት ሲጎተት ደግሞ ልባሱ ይላጣል። ፎርማኑ ሁሌ «ወንድሜ፣ ስታስር የሚስበውን ሰው አስበው» ይላል። የሚስበው ብዙ ጊዜ ራሴ ነኝ።

መለካት ላይ ቆም እንበል። ሥራ ሳይጀመር መስመሩ መጥፋቱ ይረጋገጣል፣ የሚረጋገጠውም በሦስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ መለኪያው ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ይሞከራል። ከዚያ ሥራው ያለበት መስመር ይለካል። ከዚያ መለኪያው እንደገና በሚታወቀው ቦታ ይሞከራል። ሦስተኛውን መዝለል በጣም ያጓጓል፣ ግን መለኪያው መሃል ላይ ባትሪ ቢጨርስ የሚያሳብቅበት እሱ ብቻ ነው። ብሬከሩ ላይ ቁልፍ አድርጉበት፣ ቁልፉም ኪሳችሁ ይግባ። «እንዳታበሩ ብያቸዋለሁ» መከላከያ አይደለም።

መብራት ያለባትን ካቻቪቴ ቴስተር እንዳትተማመኑባት። ሰውየው የቆመበት ነገርና የፀሐይ ብርሃን ያሳስታታል። ዲጂታል ማልቲሜትርም የራሱ ጉድ አለው። ከሌላ ሽቦ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ጫፉ የትም ያልታሰረ ሽቦ ላይ ብዙ ቮልት ሊያሳያችሁ ይችላል። ውስጣዊ መቋቋሚያው በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ከጎረቤት ሽቦ የተጋባውን ትንሽ ነገር ሁሉ ያነባል። ሁለት እግር ያለው የቮልቴጅ መመርመሪያ ይሻላል። የመሣሪያ ገንዘብ ካላችሁ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ግዙ። ቀለምም እንዲሁ ነው። ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው) በብዙ አገር ተለምዷል። አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ግን ቀይና ጥቁር ይመጣል፣ ያገኘውን ቀለም የሳበም አለ። ቀለም ይጠቁማል፣ የሚያረጋግጠው መለኪያ ነው።

አዲሱን መስመር ከማብራታችን በፊት የሽቦውን ልባስ በ500 ቮልት ዲሲ እንፈትሻለን። በተለመደው የቤት መስመር ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መገኘት አለበት። ጥሩ አዲስ ሽቦ ከዚያ እጅግ የላቀ ያነባል። ወደ 1 የተጠጋ ቁጥር ካያችሁ አልፏል ብላችሁ አትሂዱ፣ ውሃ የገባበት ቱቦ ወይም የተላጠ ቦታ ፈልጉ። ከፈተናው በፊት የኤልኢዲ መብራቶችንና ዲመሮችን (ብርሃን መቀነሻዎችን) መንቀል አይረሳ፣ 500 ቮልቱ ሊያበላሻቸው ይችላል።

ሒሳብ ፈርታችሁ የምትቀሩ ካላችሁ፣ እስካሁን ከማባዛትና ከማካፈል ብዙም አልራቅንም። ቀጣዩ ግን ስሪ ፌዝ፣ በሦስት ፌዝ የሚመጣው ኤሌክትሪክ፣ ነው። በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ወይም 400 ቮልት ከየት እንደሚመጣ ገብቶኛል፤ 220ውን ወይም 230ውን በ1.73 ማባዛት ነው። ኒውትራሉ ቢበጠስ በአንዱ ፌዝ ላይ ያሉ ዕቃዎች ለምን እንደሚቃጠሉም ወረቀት ላይ መሥራት ጀምሬያለሁ። የሞተር ማስነሻዎቹ፣ ኮንታክተርና የስታር ዴልታ አነሳስ፣ ገና ናቸው። ሞተር ኮንትሮል ያለፋችሁ ካላችሁ፣ የመለማመጃ ሰሌዳችሁን በምን እንደሠራችሁት ጻፉልኝ።