ጉንፋን በጎንደር ቤቶች፦ ቅጠሉና መጠኑ

ጥምቀት ጥር 11 ቀን በፋሲል መዋኛ ተከብሮ እንግዳው ወደየመጣበት ከተሸኘ በኋላ፣ በጎንደር ሳል የማይሰማበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ብዙዎቻችን ምክንያቱን ለንጋቱ ብርድና ለሚረጨው ቀዝቃዛ ጠበል እንሰጣለን። ጉንፋንን የሚያመጡት ግን ከ200 የሚበልጡ የቫይረስ ዓይነቶች ናቸው፤ የሚተላለፉትም በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ንክኪ በመሆኑ፣ ዘመድ ከሩቅ መጥቶ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ የሚያድርበት ሰሞን ይመቻቸዋል። እነዚህን ቫይረሶች ከሰውነት የሚያጠፋ ቅጠል በጓሯችን የለም፤ ተራ ጉንፋንን የሚፈውስ ክኒንም በፋርማሲ የለም። ይህን የምጽፈው የእናቶቻችንን መድኃኒት ለማቃለል አይደለም። በትክክል ሲዘጋጅ ሕመሙን እንደሚያስታግስ አምናለሁ፤ የሚያሳስበኝ ቅጠሉን ይዘን መጠኑንና ለማን እንደሚገባ የሚለየውን ዕውቀት እየጣልን መምጣታችን ነው።

ያንን ዕውቀት ያየሁት ከአያቴ ነው። ታማሚ ሲመጣ አስቀድማ ከንፈሩን ትመለከታለች፤ ትኩሳት ካለውና ከንፈሩ ዙሪያ ውኃ የቋጠረ ቁስል ከወጣ «ይህስ ምች ነው» ብላ ወደ ዳማከሴው ትሄዳለች፤ ንፍጥና የጉሮሮ መከርከር ብቻ ከሆነ ዳማከሴውን አትነካውም። ለምች የሚሆነውን እርጥብ ቅጠል አጥባ በመዳፏ ታሸዋለች፤ ከአረንጓዴው ጭማቂ ጥቂት ጠብታ በቡና ስኒ ውስጥ ታደርግና የቀረውን ግንባሩን ትቀባዋለች፣ ታሸትተዋለችም። በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዳማከሴ ትኩሳትን የመቀነስ ጠባይ እንዳለው ታይቷል። ከእንስሳ ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ቢሆንም፣ አያቴ ከጥቂት ጠብታ አለማለፏን ትክክለኛ ጥንቃቄ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ለጉንፋን ለራሱ ከሁሉ የማስቀድመው ጦስኝን ነው። የእኛ ጦስኝ የኢትዮጵያ ደጋ ተክል ነው፤ ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ዳር መሬት ላይ ተነጥፎ ይገኛል፤ ደርቆም በቅዳሜ ገበያ ከቅመማ ቅመም ጋር ይሸጣል። ሽታውን የሚሰጡት ዘይቶች በዋናነት ቲሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ፤ በላቦራቶሪ ጀርሞችን እንደሚያዳክሙ የታወቀ ነው፤ የአንድ ስኒ ሻይ ጥቅም ግን ጉሮሮን ማለስለስና አክታን ማላላት ነው። ሲገዛ በጣት ፈትጎ ማሽተት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ የቆየ ጦስኝ ቀለሙ ይገረጣል፣ ሽታውም ይጠፋል። ቅጠሉን ከውኃው ጋር ረጅም ጊዜ ማንተክተክም ዘይቱን ከእንፋሎቱ ጋር ያባክነዋል። ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል በፈላ ውኃ ነክሮ፣ ከድኖ ጥቂት ማቆየት ይበቃል። ሻዩ ለብ ሲል ማር ይጨመርበታል። ማር በተለይ የልጆችን የሌሊት ሳል እንደሚያቀልል በጥናት የተደገፈ ነው፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጥቂትም ቢሆን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላልና።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በሁሉም ቤት ስላሉ ብዙ አልልም። ነጭ ሽንኩርት ኃይለኛውን ንጥረ ነገር የሚፈጥረው ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ስለሆነ፣ እንዳለ ከመዋጥ ይልቅ በሙቀጫ ወቅጦ ጥቂት ማቆየትና ከማር ጋር መውሰድ ይሻላል። በባዶ ሆድ በብዛት ሲወሰድ ጨጓራን ያቃጥላል።

ጤና አዳም ግን ሰፋ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። በቡና ስኒ ላይ የሚደረገው አንድ ቅንጣቢ ለአብዛኛው ሰው የሚያሰጋ አይደለም። ብዙ ቅጠል አፍልቶ ወይም ጨምቆ መጠጣት ግን ማሕፀንን የሚያነሣሣ በመሆኑ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታውም ሊቆስልና ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ጋቢ ተከናንቦ መታጠን የታፈነ አፍንጫን ለጊዜው ይከፍታል። ነገር ግን የፈላው ድስት ተገልብጦ ሕፃናትን ሊያቃጥል ስለሚችል ልጅን እንዲህ ማጠን አልደግፍም። ከዚህ የከፋው፣ ብርዱን ለመከላከል በር ዘግቶ በከሰል ማንደጃ ላይ ቅጠል ማጨስ ነው፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ተኝተው ያሉትን ሊገድል ይችላል።

ምግቡን ከመድኃኒቱ አልለየውም። ገብሱ በሚታፈስበት በሰሜንና በወገራ አገር ለታመመ ሰው የገብስ አጥሚት ይቀርባል፤ ጉሮሮው ለቆሰለ ተልባ ይበጠበጥለታል። ትኩሳት ያለበት ሰው ፈሳሽና ጉልበት ያስፈልገዋልና፣ ሁለቱን በአንድ ኩባያ መስጠት ከብዙ ቅጠል የሚበልጥ እንክብካቤ ነው።

በሁለት ልማዶች ላይ ግን አቋሜ ጠንካራ ነው። አንደኛው የሕፃን ሳልና የጉሮሮ ሕመም ሲበረታ እንጥል ማስቆረጥ ነው፤ ደም ያፈስሳል፣ በምላጩ በሽታ ያስገባል፣ ሳሉንም አያድንም። ሁለተኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ነው፤ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን በኖረች ከተማ እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ መቆየታቸው ያሳዝነኛል።

ኢንፍሉዌንዛን እንደ ተራ ጉንፋን መናቅም አይገባም። በየዓመቱ ሕዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የጨረሰውን የሕዳር በሽታ እያሰብን ነው፤ ያም በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በድንገት ከፍተኛ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት የያዘው አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ወይም የአስም ሕመምተኛ ቅጠል እየቀያየረ ቤት መቆየት የለበትም። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሲሻለው የነበረ ሰው እንደገና መታመም፣ ሕፃን ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባቱ ወይም ጡት አልጠባም ማለቱ፣ እነዚህ ሁሉ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ በቤት የወሰዳችሁትን ሁሉ በስሙና በመጠኑ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ይቆጣኛል ብላችሁ አትደብቁ። ነጭ ሽንኩርት በብዛት የወሰደ ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ካለው የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል፤ ሐኪሙም ይህን ሳያውቅ መድኃኒት ማዘዝ የለበትም።