የ980ዎቹ ጥያቄ

ደሴ ላይ በግል ፋርማሲ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ በማዘዣ ወረቀት ምክንያት ከብዙ ሐኪሞች ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ከሁሉም በላይ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ግን በ2014 ዓ.ም. የአረፋ ሰሞን፣ ሒሳብ ላስተማሩኝ ሰው የኮቪድ መድኃኒት ይሰጣቸው አይሰጣቸው በሚለው ላይ የገጠመኝ ነው።

ዕለቱ ረቡዕ ሐምሌ 6 ነበር። ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ በጉም ተሸፍኖ ውሎ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ የመምህሩ ባለቤት ሻርፓቸው እንደ ራሰ ገቡና ከቦርሳቸው ሁለት ነገር አውጥተው ባንኮው ላይ አኖሩ፤ አንዱ በከተማው ካለ የግል ክሊኒክ የተጻፈ ማዘዣ ሲሆን ሌላው ለአረፋ ከአሜሪካ የመጣው የእህታቸው ልጅ ለራሱ መጠባበቂያ ይዞት የነበረ ፓክስሎቪድ የሚባል የኮቪድ ክኒን አንድ ካርቶን ነበር። «ለጋሼህ ሁለቱንም ነው የምሰጠው ወይስ አንዱን መርጠህ ትነግረኛለህ?» አሉኝ።

ማዘዣው ላይ አዚትሮማይሲን፣ ዴክሳሜታዞን 6 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን፣ ቫይታሚን ሲና ዚንክ ሰፍረዋል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ሳቹሬሽን፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የኦክሲጅን መጠን፣ 95 ተብሎ ተጽፏል። የዚያን ዘመን ማዘዣ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዴክሳሜታዞን ኦክሲጅን የሚያስፈልገውን የኮቪድ ታማሚ ከሞት እንደሚያተርፍ፣ ኦክሲጅን ለማያስፈልገው ግን እንደማይጠቅም በፈረንጆቹ 2020 እንግሊዝ አገር በተደረገው ትልቅ ጥናት ታይቷል። ጋሼ ኦክሲጅን አላስፈለጋቸውም፤ በዚያ ላይ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ዴክሳሜታዞን ደግሞ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። 71 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊትም አለባቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጆንሰን ክትባት ወስደዋል፣ ትኩሳቱና ሳሉ የጀመራቸው እሑድ ማታ ነው። በየወሩ ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም እና ለኮሌስትሮል ማታ ማታ የሚወስዱትን ሲምቫስታቲን የሚገዙት ከእኔው ነበርና ይህን ሁሉ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ፓክስሎቪድ ኒርማትሬልቪርና ሪቶናቪር የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ናቸው፤ ካርቶኑን ሳየው መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሪቶናቪር በሚለው ስም ላይ ነው። ይህን መድኃኒት የኤች አይ ቪ ሁለተኛ መስመር ሕክምና ላይ የሠራን ሁሉ በደንብ እናውቀዋለን። ራሱ ቫይረሱን ለመዋጋት ሳይሆን ጉበት አጋሩን መድኃኒት ቶሎ እንዳይሰባብረው ለማገድ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ጉበትን ሲያግድ ለይቶ አያግድም፣ ሰውየው የሚውጣቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም አብሮ በደሙ ውስጥ ያከማቻል። ሲምቫስታቲን ከእሱ ጋር ከተወሰደ መጠኑ እጅግ ከፍ ብሎ ጡንቻን ሊያፈርስና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ፓክስሎቪዱ ከመጀመሩ ቢያንስ 12 ሰዓት ቀድሞ መቆም፣ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ለ5 ቀን እንደቆመ መቆየት አለበት። አምሎዲፒንም ስለሚጨምር ግፊት ከመጠን በላይ ይወርዳል። ከዚህ ሌላ አጋሩ ኒርማትሬልቪር በኩላሊት የሚወገድ በመሆኑ የኩላሊት አቅም ከቀነሰ መጠኑ በግማሽ መቀነስ አለበት። ይህ ሁሉ ተጣርቶ መድኃኒቱ መጀመር ያለበት ምልክቱ ከታየ በ5 ቀን ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ አራተኛው ቀን ላይ ነበርን።

ስለዚህ ወደ ክሊኒኩ ደወልኩ። ጥቅሙንና ጉዳቱን አብረን እንድናመዛዝን እንጂ ሐኪሙን ለማረም አልነበረም። የታማሚውን ስም ነግሬ፣ ቤታቸው ፓክስሎቪድ እንዳለ፣ ቀኑም እያለቀ መሆኑን፣ ዴክሳሜታዞኑ ደግሞ ስኳራቸውን ከፍ እንዳያደርገው እንደሰጋሁ በአክብሮት አስረዳሁ።

«አንተ ማነህ?» አለኝ።

«ፋርማሲስቱ ነኝ፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው የታዘዘውን ስጥ። ከሻንጣ በወጣ መድኃኒት ላይ የምሰጠው አስተያየት የለኝም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ስልኩን እንደያዝኩ ለጥቂት ጊዜ ቆምኩ። ስለ ሻንጣው የተናገረው ልክ ነው፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ፣ በምን ሙቀት እንደተቀመጠ የማይታወቅ መድኃኒት ማንንም ሊያሰጋ ይገባል፤ እኔም ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ተናግሬአለሁ። ያናደደኝ እምቢታው ሳይሆን የእምቢታው ፍጥነት ነው። የኩላሊት ምርመራ ተደርጎ እንደሆነ ልጠይቀው ነበር፤ ያን ብቻ ቢነግረኝ አንድ ሌሊት እናተርፍ ነበር።

ባለቤታቸውን ሁለቱንም ሳይጀምሩ እስከ ማታ እንዲጠብቁ፣ የዚያን ቀን ሲምቫስታቲን ግን በምንም ዓይነት እንዳይሰጧቸው ለምኜ መድኃኒት ቤቱን ቀደም ብዬ ዘጋሁና እቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ መስኮቱ ተከፍቶ ጋቢ ደርበው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ማስኬን አድርጌ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሳሉ ቢያቋርጣቸውም አስተያየታቸው ያው ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ሆነው ተማሪ የሚጠብቁበት አስተያየት ነበር።

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሚያዝያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ሆስፒታል የመግባት አደጋቸው ከፍተኛ ለሆነ ሰዎች አጥብቆ መምከሩን፣ የምክሩ ዋና መሠረት በሆነው ጥናት መድኃኒቱን በ5 ቀን ውስጥ ከጀመሩት 1,039 ሰዎች 8ቱ፣ የይስሙላ ክኒን ከተሰጣቸው 1,046 ሰዎች ደግሞ 66ቱ ሆስፒታል እንደገቡ ወይም እንደሞቱ፣ በጥናቱ የገቡት ሰዎች ግን ክትባት ያልወሰዱ እንደነበሩ ገለጽኩላቸው።

ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጥተው ቁጥሮቹን ጻፉና ቀነሱ። «መድኃኒቱን ሳይወስዱ ሆስፒታል ያልገቡት 980 ናቸው» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ከ980ዎቹ አንዱ እንዳልሆንኩ በምን አወቅህ?»

«አላውቅም።»

«ከ66ቱ አንዱ መሆኔንስ?»

«እሱንም አላውቅም፣ ጋሼ። የማውቀው ዕድሜዎ፣ ስኳርዎና ግፊትዎ ወደ 66ቱ እንደሚያስጠጋዎት፣ ክትባቱ ደግሞ ወደ 980ዎቹ እንደሚስብዎት ነው።»

ዝም ብለው ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «አብሽር፣ ልጁ ያወቀውን ነገረህ እኮ» አሉ። እኔ ግን አፍሬ ነበር። ለስንት ሰው «ይህን ውሰዱ፣ ይሻላችኋል» ብዬ አሻግሬአለሁ፤ ማንም መልሶ ቀንሶ አሳይቶኝ አያውቅም። እሳቸው የጠየቁኝ በመድኃኒት ሥራ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛው መልስም ያው የሰጠኋቸው «አላውቅም» ነበር። ሐኪሙ የታዘዘውን ስጥ ሲለኝ እኔ ደግሞ ትክክሉን አውቃለሁ ብዬ ነበር የተቆጣሁት፤ አልጋው አጠገብ ስደርስ ግን ከሁለታችን ይልቅ ነገሩን አጥርተው ያዩት ታማሚው ሆኑ።

በመጨረሻ «ኩላሊቴን መርምሩና የሚቻል ከሆነ እወስዳለሁ፤ የማይቻል ከሆነ ከ980ዎቹ ጋር እቆያለሁ» አሉ።

ከተማችን በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ከደረሰባት ዘረፋ ገና ስላላገገመች በዚያ ሰዓት የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ክሪያቲኒን፣ የሚሠራልን አላገኘንም፤ የደም ናሙናው በእህታቸው ልጅ እጅ በሚኒባስ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ደረሰ። ውጤቱ ሐሙስ ጠዋት 1.4 ሆኖ መጣ። በስልክ ስነግራቸው ከዚህ የኩላሊት አቅም የሚወጣበትን ቀመር ጠየቁኝና ራሳቸው አሰሉት፤ ከ140 ላይ 71 ሲቀነስ 69፣ በክብደታቸው በ60 ሲባዛ 4,140፣ ለ72 እና ለ1.4 ብዜት ሲካፈል 41። ከ30 በላይ፣ ከ60 በታች። ይቻላል፣ ግን በተቀነሰ መጠን።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት አምስት የየቀን ስትሪፖች እያንዳንዳቸው አራት ሮዝ የኒርማትሬልቪርና ሁለት ነጭ የሪቶናቪር ክኒን አላቸው። ከየስትሪፑ ከጠዋቱ አንድ፣ ከማታው አንድ ሮዝ ክኒን አውጥቼ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፈንኩት፤ በጠቅላላው 10 ሮዝ ክኒን ወጣ። አምሎዲፒኑን ወደ 5 አወረድን። ዴክሳሜታዞኑን አልሰጠሁም፤ ለምን እንዳልሰጠሁም በማዘዣው ጀርባ ጽፌ ፈረምኩ። የመጀመሪያውን መጠን ሐሙስ ቀትር ላይ ወሰዱ፤ በቀን አቆጣጠር አምስተኛው ነበር። ረቡዕ ማታ ጀምረው ቢሆን ይሻል እንደነበር እስከ አሁን አስባለሁ፤ ደግሞም ያኔ ቢሆን ኩላሊቱን ሳላውቅ ሙሉውን መጠን እሰጥ እንደነበር ሳስብ ያ የጠፋ ሌሊት ጠቀመን እላለሁ። ሁለቱን ሐሳቦች ማስታረቅ አልቻልኩም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ለሱብሒ ሲነሡ አዙሯቸው ግድግዳ ተደግፈው እንደቆሙ ነገሩኝ። ግፊታቸው 100 በ60 ነበር። አምሎዲፒኑን ጨርሶ አስቆምኩት። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ፤ በየቀኑ ግፊታቸው እንዲለካ ማድረግም ነበረብኝ። አፋቸው መራራ ሆኖባቸው ቡናው እንኳን ከአቦል እስከ በረካ ያው የብረት ጣዕም እንደሆነባቸው በማስታወሻቸው ላይ ጽፈዋል። ትኩሳቱ ግን በሁለተኛው ቀን ጠፍቶ፣ ማክሰኞ ሲጨርሱ ደህና ነበሩ።

ቅዳሜ ጉሮሯቸው እንደገና ቆረቆራቸው፣ ምርመራውም እንደገና ፖዘቲቭ ሆነ። ቤተሰቡ ደንግጦ ወደዚያው ክሊኒክ ወሰዷቸው። ሐኪሙ «ያ መድኃኒት ሻጭ ነው በሽታውን የመለሰባችሁ» ማለቱን ባለቤታቸው ሲነግሩኝ እንባ በዓይናቸው ነበር። እኔን የጎዳኝ «መድኃኒት ሻጭ» መባሌ አይደለም፤ እነዚያን ሰዎች ዳግም ማስፈራራቱ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከዚያ ሁለት ወር ገደማ በፊት፣ መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ከተሻለው በኋላ ከ2 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክቱ ሊመለስበት እንደሚችል፣ መድኃኒት ያልወሰደም ሰው ይህ ሊደርስበት እንደሚችል፣ የተመለሰውም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል እንደሆነ ለሐኪሞች አሳውቆ ነበር። ስልክ ቢያነሣልኝ እነግረው ነበር። ከሳምንት በኋላ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ፓክስሎቪድ ወስደው ከተሻላቸው በኋላ እንደገና ፖዘቲቭ መሆናቸው በዜና ሲነገር ባለቤታቸው ደውለው «የእሱንም አንተ ነህ የመለስክበት?» አሉኝ፤ ያን ሳምንት የሰማሁት ደግ ቃል ያ ብቻ ነበር።

ጋሼ በሦስት ቀን አገገሙ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የአምሎዲፒናቸውንና የሲምቫስታቲናቸውን ሊወስዱ በእግራቸው መጡ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ማስታወሻቸውን እየዘጉ «እሱም አንተም ያላያችሁት አንድ ሰው አለ። መድኃኒቱን ያልወሰደው እኔ» አሉኝ።

በፈረንጆቹ 2024 የወጣውን ጥናት ሳነብ እሳቸው ናቸው የታወሱኝ። ክትባት የወሰዱና ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ያለባቸው፣ እንዲሁም ያልተከተቡና አጋላጭ ነገር የሌለባቸው ሰዎች በተካተቱበት በዚህ ጥናት ምልክቱ ለመጥፋት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ 12 ቀን፣ ባልወሰዱት ላይ 13 ቀን ፈጅቷል፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ የሚጸና አልሆነም። ያን ረቡዕ ማታ ይህን ቁጥር ይዤ በራቸው ላይ ብቆም ኖሮ የ71 ዓመት ሰው መሆናቸውን እያየሁ አሁንም ውሰዱ እል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በያኔው ድምፅ ግን አልናገረውም።

10 ሮዝ ክኒኖችን ጎረቤታቸው ለባሏ እንድሰጣት ለምናኝ ነበር። ያለ ሪቶናቪር ብቻቸውን ቢዋጡ ጉበት ቶሎ እንደሚሰባብራቸውና እንደማይረቡ አስረድቼ፣ ዐይኗ እያየ ከሚወገዱት ጋር ጨመርኳቸው። ከዚያ ክሊኒክ ሳቹሬሽኑ ደህና ለሆነ ሰው ዴክሳሜታዞን ተጽፎ በመጣ ቁጥር አሁንም እደውላለሁ። አንዳንዴ ያነሣል፤ አንዳንዴ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል።