በሀይዌይ 128 ዳር በሚነፋ ካያክ፦ የከሰዓቱን ነፋስ ስለመቅደም

ዘንድሮ የሚያኮራ ደረጃ ላይ ደርሰናል። በዩታ፣ ሞአብ ከተማ አጠገብ፣ ከመነሻው ሂትል ቦተም እስከ መውጫው ቴክ አውት ቢች ያለውን 13 ማይል ገደማ የኮሎራዶ ወንዝ በሚነፋ ካያክ ስንወርድ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይበረታብን መውጣት ለምደናል። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ሞአብን የምታውቁት በአርችስ ፓርክ ብቻ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ከአይ-70 በሲስኮ በኩል ውረዱና 44 ማይል የሚሆነውን የዩታ 128 መንገድ ያዙ። ዱዊ ድልድይን ከተሻገራችሁ በኋላ እስከ ሞአብ መግቢያ ድረስ ወንዙ ከቀኛችሁ አይጠፋም። የድሮው ዱዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 የተሠራው ተንጠልጣይ ድልድይ፣ በ2008 አንድ ሕፃን በክብሪት ሲጫወት በተነሳ እሳት ወለሉ ተቃጥሎ ማማዎቹና ሽቦዎቹ ብቻ ቆመዋል። ወርዶ ማየት ተገቢ ነው።

የመጀመሪያውን ዝግጅት በአጭሩ ልለፈው። መንገዱ ላይ ነዳጅ የለም፣ ስለዚህ ግራንድ ጀንክሽን ወይም ፍሩታ ላይ ሙሉ። ስልክ በአብዛኛው ሸለቆ ውስጥ አይሠራም፣ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። በወንዙ ዳር ያሉት ካምፖች (ግራንድስታፍ፣ ቢግ ቤንድ፣ ሂትል ቦተምና ሌሎቹም) የመጠጥ ውሃ የላቸውም፣ በሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያዙ። አብዛኛው ቦታ ቀድሞ ለደረሰ ነው፤ በጸደይና በመኸር ዓርብ ማታ ደርሶ ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ወንዙ ላይ ለማይወጣ ሰው ሁለት የእግር ጉዞ ይበቃል። አንደኛው ፊሸር ታወርስ ነው፤ ከአስፋልቱ 2.2 ማይል የአፈር መንገድ ተነድቶ፣ ሌላ 2.2 ማይል በእግር። ጥላ ስለሌለው በበጋ ማለዳ ወይም ወደ ማታ እንጂ በቀትር አይሞከርም። ሁለተኛው ግራንድስታፍ ካንየን ሲሆን መጨረሻው ላይ 243 ጫማ ስፋት ያለው ሞርኒንግ ግሎሪ የተባለ የተፈጥሮ ድልድይ አለ። ጅረቱን ደጋግማችሁ ስለምትሻገሩ መርጠብ የማይጎዳው ጫማ አድርጉ። ከድልድዩ ሥር ያለውን ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል ቅጠል አትንኩ፣ ፖይዝን አይቪ ነው። ቦታው የተሰየመው በ1870ዎቹ እዚያ ይኖር በነበረው ጥቁር አሜሪካዊ በዊሊያም ግራንድስታፍ ነው። ለብዙ ዘመን በሚያዋርድ ስም ሲጠራ ቆይቶ በ2017 በይፋ ተለውጧል። ልጆች ይዞ የሄደ ሰው ይህን ሳይነግራቸው ባይመለስ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ነፋሱ። እዚህ ወንዝ ላይ ጀማሪ የሚፈራው ራፒዶቹን፣ ውሃው በድንጋይ መካከል እየተናወጠ የሚሮጥባቸውን ቦታዎች፣ ነው። ኦንየን ክሪክ፣ ፕሮፌሰር ክሪክ፣ ሮኪ፣ ዋይትስ የሚባሉት በመካከለኛ ውሃ በአስቸጋሪነት ደረጃ ክፍል 1 እና 2፣ ማለትም ቀላሎቹ፣ ናቸው፤ ወንዙ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ሲሞላ አንዳንዶቹ ወደ 3 ይጠጋሉ። ሰውን አድክሞ የሚጥለው ግን በራፒዶቹ መካከል ያለው ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ወንዙ እዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይፈስሳል፤ የአካባቢው ነፋስ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከዚያው ከደቡብ ምዕራብ ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ ድንጋዩን ስታግለው የሞቀው አየር ሸለቆውን ሽቅብ ይጓዛል። ሁለቱ ሲደመሩ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። የሚነፋ ካያክ ደግሞ አብዛኛው አካሉ ከውሃው በላይ ስለሆነ መቅዘፊያውን ባሳረፋችሁ ቁጥር ወደ መጣችሁበት ይመልሳችኋል።

ዋናው መፍትሔ ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ (በአሜሪካ አቆጣጠር 7) ጀልባው ውሃ ላይ መሆን አለበት። በ1 ሰዓት ቦታው ላይ መድረስና በ1 ሰዓት መቅዘፍ ይለያያሉ፤ ጀልባ መንፋትና መኪና ማመላለስ ሁለት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ አንዱን መኪና ቴክ አውት ቢች ላይ በዋዜማው አቁሙና ሂትል ቦተም እደሩ። የመውጫው መኪና ቁልፍ ከእናንተ ጋር ጀልባ ላይ መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት በእጃችሁ ዳስሱ። ቁልፉ መነሻው መኪና ውስጥ ከቀረ የቀኑ ሥራ ሁሉ መና ነው። መኪናውን በብስክሌት ሄዶ ማምጣትን ግን አልመክርም። 128 ጠባብ ነው፣ ለብስክሌት የሚበቃ ዳር የለውም፣ ጀልባ የሚጎትቱ ትልልቅ መኪናዎች የማይታይ ኩርባ ላይ ይመጣሉ። መንገዱ ለብስክሌት ያማረ ቢሆንም፣ ማለዳ ላይ፣ ሳይደክማችሁ ነው።

ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚወስነው የውሃው መጠን ነው። ሲስኮ አጠገብ ያለውን የዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት) የውሃ መለኪያ ከመሄዳችሁ በፊት ተመልከቱ፤ ቁጥሩ በሰከንድ የሚያልፈው ኪዩቢክ ጫማ ነው። ከ3,000 በታች ሲሆን ውሃው ስለሚያዘግም ነፋሱ የበላይ ይሆናል፤ ሳያርፉ እየቀዘፉም ቢሆን እስከ 6 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። 5,000 ገደማ ላይ ግን ወንዙ ራሱ ያግዛችኋል፣ 4 ሰዓት አካባቢ ይበቃል። ከ10,000 በላይ ፍጥነቱ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ነፋስና ፈጣን ውሃ ፊት ለፊት ሲጋጩ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ውሃውም የቀለጠ በረዶ ስለሆነ ያለ ዌትሱት (ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚይዝ ልብስ) አይሞከርም።

ብዙ ሰው የማያስበው የአየር ግፊቱን ነው። ማለዳ አሸዋው ላይ ድንጋይ እስኪመስል የተነፋ ጀልባ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ 15 ደቂቃ ሲቆይ ውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ጀልባ መሐሉ ላይ ይረግባል፣ የረገበ ጀልባ ውሃ ይጎትታል፣ ያኔ ነፋሱ ሳይመጣ ጉልበታችሁ ያልቃል። ስለዚህ ፓምፑን መኪና ውስጥ አትተዉት። ከሂትል ቦተም ተነስታችሁ የመጀመሪያው አሸዋ ላይ ጠጋ በሉና ጎኖቹን ወደ 2 ወይም 2.5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) መልሷቸው፤ ወለሉን ግን አምራቹ ቫልቩ አጠገብ በጻፈው ልክ፣ በግምት ሳይሆን በመለኪያ። ምሳ ላይ ተቃራኒው ይመጣል። ጀልባውን ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት አየሩ ይሰፋና ስፌቱን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ግማሹን ውሃ ውስጥ ተዉት ወይም ከየቫልቩ ትንሽ አስተንፍሱ። ከዕቃዎቼ ሁሉ የምወደው ግፊት የሚያሳይ የእጅ ፓምፕ ነው፤ ውድ መቅዘፊያ ከመግዛት በፊት እሱን ግዙ እላለሁ።

ነፋሱ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ዕቃውን ወደ ፊት አምጡት። የጀልባው አፍንጫ ቀለል ካለ ነፋሱ ይጠመዝዘዋል፣ ከበድ ካለ ግን አፍንጫው ራሱ ነፋሱን ይፈልጋል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የውሃ ጀሪካኑን ከእግራችሁ ፊት እሰሩት። መቅዘፊያው የሚስተካከል ከሆነ ሁለቱን ቅጠሎች ከ45 እስከ 60 ዲግሪ አዛንፏቸው፤ አየር ላይ ያለው ነፋሱን በስለቱ ይቆርጠዋል። ዋናውን ፈሰስ ተከተሉ፤ አረፋው በመስመር የሚሄድበትን፣ በኩርባ ላይ የውጭውን ጠርዝ። ከዳር ያለው ውሃ የተጠለለ ይመስላል እንጂ ቆሟል። ከባድ ሽውታ ሲመጣ ግን ተጠግቶ ማረፍ ያዋጣል። ትልቁን ጎማ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ከመግፋት፣ ዞሮ በጀርባውና በእግሩ ጉልበት ቢስብ ይበልጣል።

በዚህ ወንዝ ቆመው የሚቀዝፉበትን ሰሌዳ፣ ሱፕ የሚሉትን፣ ለነፋስ ቀን አልመርጠውም። የቆመ ሰው ሸራ ነው። ካመጣችሁት ተንበርክካችሁ ቅዘፉ፤ ማሰሪያውንም ቁርጭምጭሚት ላይ አታድርጉት፣ ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ ከተያዘ ውሃው ላይ ተኝቶ እግር ድረስ መድረስ አይቻልም። ወገብ ላይ የሚታሰር፣ በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን። ላይፍ ጃኬት ደግሞ ጀልባ ላይ ተጥሎ ሳይሆን ተለብሶ፣ ማሰሪያው ጠብቆ።

ወንዙን ይዞ ለሚወርድ ሰው መንገዱ ከዱዊ በታች ሁልጊዜ በግራ ዳር ነው። ስለዚህ ቁርጥ የሆነ ሕግ አለን፤ ነፋስ ሲበረታ በግራ በኩል። ኦንየን ክሪክ፣ ሮኪ ራፒድ፣ ሳንዲ ቢች ሁሉም መውጫ ናቸው፤ እዚያ ወጥቶ አንድ ሰው መኪናውን እንዲያመጣ መላክ ነውር አይደለም። በቀኝ ዳር ተገፍቶ የቀረ ሰው ግን ደክሞም ቢሆን መሻገር አለበት።

ስለ ምግብም አንድ ነገር። በሶ ለዚህ ወንዝ የተፈጠረ ነው፤ አይቀልጥም፣ አይበላሽም። ግን ዱቄቱን ወንዙ ላይ መበጥበጥ በነፋስ አይቻልም። ቤት ውስጥ በዘይትና በጨው ጭብጦ አድርጋችሁ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ያዙት። ጨው ያለው ቆሎም እንዲሁ፣ ላብ የወሰደውን ጨው ይመልሳል። ሽንት ወደ ወንዙ እንጂ አሸዋው ላይ አይደለም፤ እኛን ይከብደናል፣ ነገር ግን ዝናብ በማያጥበው በረሃ አሸዋው ይሸታል። ሌላው ሁሉ በሚዘጋ መጸዳጃ ተይዞ ይወጣል።

ያልተፈታው የሚያዝያ ነፋስ ነው። የበጋውን ነፋስ የቀን ሙቀት ስለሚያመጣው ማለዳ ይቀደማል፤ የጸደዩ ግን ከአየር ለውጥ ጋር መጥቶ ጠዋትም ማታም ይነፍሳል። የብሔራዊ አየር ትንበያው የግራንድ ጀንክሽን ቢሮ በሰዓት 15 ማይል ዘላቂ ነፋስ ከተነበየ፣ ሽውታውም 25 ካለፈ፣ ጀልባውን ሳንዘረጋ ወደ ግራንድስታፍ በእግር እንሄዳለን። በዚያ ነፋስ ከባድ ዕቃ ጭኖ በሚነፋ ካያክ የወረደ ካለ፣ ክብደቱን እንዴት እንዳከፋፈለና የጀልባውን ርዝመት ቢጽፍልን።