ቶሮንቶ፣ ኦታዋ፣ ሞንትሪያል፦ የካናዳ ስፖርተኞችን ስም ፍለጋ

የካቲት ላይ ካናዳ መሄድ ጤነኛ ሰው የሚመርጠው ነገር አይደለም። ትኬቱ የረከሰው ግን ያኔ ነበር። ቶሮንቶ የሚኖረው የአክስቴ ልጅም «ሆኪ የሚባለውን ነገር ማየት ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም፤ ካፖርት እኔ አውስሃለሁ» አለኝ። ሄድኩ። ካፖርቱ እጅጌው ረዘመብኝ እንጂ ነፍሴን አትርፏታል።

በደረስኩ ማግስት እራት ላይ «የካናዳን ዝነኛ ስፖርተኞች እስቲ ጥሩልኝ» ብዬ ቤተሰቡን ጠየቅኩ። ማዕዱ ተከፋፈለ። የአክስቴ ልጅ ዶኖቫን ቤይሊ አለ፤ በ1996 አትላንታ ላይ 100 ሜትርን በ9.84 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ማለት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ትንሹ ልጁ አባቱን በንቀት አየት አድርጎ ሻይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር አለ፤ ሃሚልተን አድጎ በ2025 ኦክላሆማ ሲቲን ለኤንቢኤ ዋንጫ ያበቃው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። እህቱ ደግሞ ዋናተኛዋን ሰመር ማኪንቶሽን መረጠች፤ በ17 ዓመቷ ፓሪስ ላይ 3 ወርቅ ያፈሰችውን። እናትየው ከጓዳ «መሐመድ አህመድን ረሳችሁት እንዴ?» ስትል ተሰማ። መሐመድ ሞቃዲሾ ተወልዶ ሴንት ካታሪንስ ያደገ ሯጭ ነው። በ2019 ዶሃ ላይ በ5,000 ሜትር ከሙክታር እድሪስና ከሰለሞን ባረጋ ቀጥሎ ሦስተኛ ወጣ፤ ቶኪዮ ላይ ብር አገኘ። የዶሃውን ሩጫ ሲያዩ ለማን እንደጮኹ ብጠይቃቸው መልሳቸው ሳቅ ብቻ ሆነ።

የ100 ሜትር ሯጩን የቤን ጆንሰንን ስም ያነሳሁት እኔ ነኝ። በ1988 ሶል ላይ በ9.79 ገብቶ ሀገሩን አስፈነደቀ፤ 3 ቀን ሳይሞላ ስታኖዞሎል የተባለ አበረታች ቅመም ተገኝቶበት ወርቁን ተነጠቀ። የአክስቴ ልጅ ጉርሻውን እያጠቀሰ «ሲያሸንፍ ካናዳዊ፣ ሲያዝ ጃማይካዊ» አለ። ቀልዱ የቆየ ነው፤ እዚያ የሚኖር ስደተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ቤይሊም የተወለደው ጃማይካ ነው። 8 ዓመት ቆይቶ ያንን እፍረት ያጠበው ሌላ የጃማይካ ልጅ መሆኑን ሳስበው፣ ቀልዱ ምሬት እንዳለበት ይገባኛል።

በነጋታው የሆኪ የዝነኞች አዳራሽ ሄድኩ። መሀል ቶሮንቶ፣ ያንግና ፍሮንት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። ዋናው አዳራሽ በ1885 የተሠራ የባንክ ሕንፃ ነው፤ ባለቀለም መስተዋት ጉልላቱን ቀና ብሎ ያየ ቤተክርስቲያን የገባ ነው የሚመስለው። ሰዉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) አሸናፊ የሚወስደው ስታንሊ ዋንጫ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ስለዚህ ዋንጫ ትንሽ ልቆይ። ሎርድ ስታንሊ የተባለ የእንግሊዝ ንጉሣዊ እንደራሴ በ1892 ሲሰጠው ትንሽ የብር ጎድጓዳ ሳህን ነበር። አሁን 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ረጅም የብር በርሜል ሆኗል፤ ምክንያቱም ያሸነፈ ቡድን ሁሉ የተጫዋቾቹን ስም ያስቀርጽበታል። ቦታው ሲሞላ የላይኛው ቀለበት ይወልቅና ባዶ ቀለበት ከሥር ይገባል። በ2018 በወለቀው ቀለበት ሞሪስ ሪሻርና ጎርዲ ሃው የሚያክሉ የሆኪ ኮከቦች ከዋንጫው ላይ ወርደዋል። አልተጣሉም፤ የወለቁት ቀለበቶችና የመጀመሪያው ሳህን አብረው የባንኩ ካዝና ውስጥ ናቸው። ውፍረቱ የሚያስደነግጥ የብረት በር አልፎ ገብቶ ማየት ይቻላል።

ዋንጫውን መንካት አይከለከልም። ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል፤ እኔ ግን ዓይኔ ስሞቹ ላይ ነበር። በ1984 ያሸነፈው ኤድመንተን ኦይለርስ ስም ዝርዝር ውስጥ፣ የክለቡ ባለቤት ለቡድኑ ተጫውቶም ሠርቶም የማያውቅ አባቱን አስቀርጾት ነበር። ሊጉ ሲደርስበት ብር አይፋቅምና በስሙ ላይ የኤክስ ፊደል 16 ጊዜ ደርድረው አጠፉት። የ1963ቱ ቀራጭ ደግሞ የቶሮንቶን ቡድን ስም ራሱን አሳስቶ ጽፎታል። የከተማው ቡድን ሜፕል ሊፍስ ከ1967 ወዲህ ዋንጫ ስላላገኘ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በዚህ መቀለድ አደገኛ ነው።

ሆኪን ለማያውቅ ሰው፦ የኛው የገና ጨዋታ በበረዶ ላይ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ቆልማማ ዱላው ያው ነው፤ ሩሯ ግን የጎማ ዝርግ ነች፣ ፓክ ይሏታል። አንዷን እጄ ላይ አስቀመጥኳት፤ ክብደቷ 170 ግራም ገደማ ነው፣ ድንጋይ ነች። እንዳትነጥር ደግሞ ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ያደርቋታል። እሷን ይዤ ነው የዣክ ፕላንት ታሪክ ፊት የቆምኩት። የሞንትሪያሉ በረኛ በኖቬምበር 1959 ኒው ዮርክ ውስጥ ፊቱን በፓክ ተመታ። ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ጭምብል ካላደረግሁ አልመለስም አለ፤ አሠልጣኙ የፈሪ ነገር መስሎት አልወደደውም ነበር። ከዚያ በፊት በረኞች በባዶ ፊታቸው ይቆሙ ነበር ማለት ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ያለ ሰው ይህችን ፓክ አልያዛትም።

ዌይን ግሬትስኪ ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ይገባዋልም። ብራንትፎርድ በምትባል ከተማ አባቱ በጓሮ ውሃ አፍስሶ ባጋገረለት ሜዳ ላይ ነው ያደገው። 894 ጎል አግብቷል፤ ይህን አሌክሳንደር ኦቬችኪን በ2025 አልፎታል። የማይነካው ሌላው ነው፦ ለጎል ያመቻቻቸው ኳሶች 1,963 ናቸው። አንድም ጎል ባያገባ ኖሮ እንኳ በእነዚህ ብቻ የሊጉን የምንጊዜም የነጥብ (ጎልና ማመቻቸት ተደምሮ) ሰንጠረዥ ይመራ ነበር። 99 ቁጥርን ከእሱ በኋላ በሊጉ ማንም አይለብስም።

እኔን የያዘኝ ግን ዊሊ ኦሪ ነው። የፍሬድሪክተን ልጅ፤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 በቦስተን ማልያ ሞንትሪያል ላይ ሲገባ በኤንኤችኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ቀኝ ዓይኑ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በፓክ ተመትቶ አያይም ነበር። ቢታወቅ ስለሚያባርሩት ደብቆ ነው የተጫወተው። በዚያ ፍጥነት፣ በአንድ ዓይን፣ ከተመልካች ስድብ እየወረደበት። አዳራሹ ስሙን የመዘገበው በ2018 ነው፤ ቢያንስ በሕይወት እያለ። የቶሮንቶው ተወላጅ ኸርብ ካርኔጊ ይህም አልደረሰውም። በ1940ዎቹ ከምርጦቹ አንዱ ሆኖ ሳለ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ ያቀረበለት ውል የታችኛው ሊግ ውል፣ ያውም ከሚያገኘው ያነሰ ነበርና ተወው። ኤንኤችኤል ሳይረግጥ በ2012 ሞተ፤ አዳራሹ የተቀበለው በ2022 ነው። ዘግይቶ የመጣ ክብር ፊት ረጅም መቆም ይከብደኛል፤ ወጣሁ።

ኦታዋ በባቡር ሄድኩ። ስለ መንገዱ የምለው የለም፤ በረዶ፣ ዛፍ፣ እንደገና በረዶ። ከፓርላማው ብዙም ሳይርቅ የቴሪ ፎክስ የነሐስ ሐውልት አለ፤ ጸጉረ ጥቅልል ወጣት፣ ቁምጣ፣ የቀኝ እግሩ ቦታ ላይ ሰው ሠራሽ እግር። በካንሰር ምክንያት እግሩ ሲቆረጥ 18 ዓመቱ ነበር። ኤፕሪል 12 ቀን 1980 ሴንት ጆንስ ላይ ሰው ሠራሽ እግሩን አትላንቲክ ውስጥ ነክሮ ወደ ምዕራብ ሮጠ፤ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ። በየቀኑ የአንድ ማራቶን ያህል። በምስል እንዳየሁት አሯሯጡ በደህናው እግር ሁለት ጊዜ ዘለል፣ በሌላው አንድ እርምጃ ነው። 143 ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር። ሴፕቴምበር 1 ቀን ተንደር ቤይ አቅራቢያ ካንሰሩ ሳንባው ደርሶ አስቆመው፤ በዓመቱ ጁን ላይ 22 ዓመት ሆኖት አረፈ። ለእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነበር የፈለገው፤ ሳይሞት 24 ሚሊዮኑ ሞልቶለታል። ሻምፒዮን ሳይሆን፣ ሩጫውንም ሳይጨርስ በዚህ መጠን የሚወደድ ስፖርተኛ የኛ ሀገር አላውቅም። እኛ ሜዳሊያ እንቆጥራለን።

ሞንትሪያል የሆኪ ከተማ ናት። በማርች 1955 የከተማዋ ኮከብ ሪሻር ለቀሪው የውድድር ዘመን ሲታገድ ሕዝቡ መሀል ከተማውን ሰባብሮታል፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ቅጣቱን እንደ ብሔሩ ቅጣት ነው ያየው። በስሙ የተጠራው አዳራሽ ከኦሎምፒክ ስታዲየሙ አጠገብ ነው፤ በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ የቦክስ ግጥሚያ ተደርጎበታል። እኔን ግን የሳበኝ ስታዲየሙ ነበር፤ 165 ሜትር ቁመት ያለው ዘመም ያለ ግንብ አጎንብሶበታል።

አስጎብኚዋ ስለ ሮማንያዊቷ ጂምናስቲከኛ ናዲያ ኮማኒች ድፍን 10 ነጥብ ነገረችን። ስለ ኦሎምፒኩ ዕዳም ነገረችን፤ ተከፍሎ ያለቀው ከ30 ዓመት በኋላ በ2006 ነው። ካናዳ በገዛ ቤቷ አንድም ወርቅ አለማግኘቷን እየሳቀች አከለችልን። ስለ አፍሪካውያኑ እኔ ጠየቅኳት። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከ20 በላይ ሀገሮች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ጨዋታውን ትተው ወጥተዋል። «አዎ፣ ያሳዝናል» ብላ ወደ መዋኛ ገንዳው ወሰደችን።

እኔ ግን መሮጫው በነበረበት በኩል ቀረት አልኩ። ምሩፅ ይፍጠር ሊሮጥበት የነበረ መም ነው። ሁለቱንም ርቀት፣ 5,000 እና 10,000 ሜትርን፣ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወሰደ፤ ማርሽ ቀያሪው 4 ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወሰደ። በኋላም ኑሮውን እዚሁ ካናዳ አድርጎ፣ በዲሴምበር 2016 ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩና ክርክር ገጠምን፤ ምሩፅ ሞንትሪያል ቢሮጥ ቪረንን ይጥለው ነበር ወይ? ሰዓቶቹ ለክርክር የተሠሩ ይመስላሉ። ቪረን 10,000ውን በ27 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሲጨርስ ምሩፅ ሞስኮ ላይ 27 ከ42 ነው የገባው፤ በ5,000 ቪረን 13 ከ24፣ ምሩፅ 13 ከ20። እኔ አንድ ለአንድ ይለያዩ ነበር ባይ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ሰዓት የሚባል ነገር አይሰማም። «የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ማርሽ ከቀየረ በኋላ ማን አባቱ ይይዘዋል?» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።