የእናቴ እምነትና የአባቴ ጥቅል

ለቁልቢው ገብርኤል የተሳልሁት ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ጥላ ማስገባት፣ ሁለተኛው የተደረገልኝን መመስከር። ጥላውን አድርሻለሁ፤ የቀረኝ ይህ ነው።

የተወለድሁት በስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ፣ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከስዊድናዊ አባት ነው። አባቴ ቁመቱን፣ እናቴ ጸሎቷን አወረሱኝ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆኜ ከስዊድን ሌላ በጀርመንና በፖርቱጋል ሠርቻለሁ። ከሩቅ ለሚያየው የሚያስቀና ኑሮ ነው፤ ውሉ ግን ብዙ ጊዜ ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ስለሆነ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ሥራ ፈላጊ ነኝ።

በአንደኛው አገር ሳለሁ ከዝላይ ስወርድ የቀኝ ጉልበቴ የፊት ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ ሐኪሙም ቢያንስ 9 ወር እንዳልጫወት ነገረኝ። ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ ውሌ መፍረሱን የሚገልጽ አንዲት ወረቀት በእጄ ሰጥቶ ደመወዜን አቋረጠ። ወረቀቷን በንዴት የት እንደወረወርኋት እንኳ አላስታውስም።

እናቴ ከቁልቢ የመጣ እምነት በትንሽ ላስቲክ ቋጥራ በአባቴ እጅ ላከችልኝ። አባቴ ከሠርግና ከቀብር በቀር ቤተ ክርስቲያን የማይረግጥ ሰው ነው። ሆኖም እናቴ በስልክ «በስመ አብ ብለህ ቀባው» ስትለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በተሰባበረ አማርኛው ቃል በቃል እየተከተላት በዳነው ስፌት ዙሪያ ቀባልኝ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣውን መልአክ ጠርቼ የተሳልሁትም ያን ምሽት ነው።

በ10ኛው ወር ሐኪሙ እንድጫወት ፈቀደልኝ፤ በሌላ አገር ያለ ቡድንም ሊያስፈርመኝ ተስማማ። ነገር ግን ከአገር ወደ አገር የሚዛወር ተጫዋች የቀድሞው አገር ፌዴሬሽን መልቀቂያ ካልሰጠው መሰለፍ አይችልም፤ የቀድሞው ቡድኔ ደግሞ ውሉ ገና አላለቀም ብሎ ተቃወመ። ደመወዝ ስጠይቅ ፈርሷል ያለኝን ያንኑ ውል! ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ ነበር፤ ጠበቃዬም ያለዚያች ወረቀት ልትረዳኝ እንደማትችል ነገረችኝ።

ሐሙስ ሌሊት ወረቀቷን መፈለግ ሰልችቶኝ ጸሎት ላድርስ ብዬ እምነቱን ከመሳቢያ አወጣሁ። አባቴ የተረፈው እንዳይፈስ ላስቲኩን በወረቀት ጠቅልሎት ሄዶ ነበር። ጥቅሉን ስፈታው የቡድኑ ማኅተም ታየኝ። ፖርቱጋልኛም ሆነ ጀርመንኛ የማያውቅ አባቴ፣ ከወለል ያነሳው የውል ማፍረሻውን ነበር።

ጠበቃዬ በጠዋት ላከችው፤ መልቀቂያውም ዓርብ ከቀትር በኋላ ደረሰኝ። እርሷ ሥራዋን በሚገባ መሥራቷን አልክድም፤ ወረቀቷን ያስቀመጠልኝ ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ 19 ከወላጆቼ ጋር ቁልቢ ወጣሁ። ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ስለት መቀበያው ዘንድ መድረስ አስቸጋሪ ነበር። አንዲት አሮጊት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ አንተ ቁመትህ ይደርሳል፣ ይቺን አቀብልልኝ» ብለው ጥላቸውን ሰጡኝ፤ እርሳቸውን ያዩ ሌሎችም የየራሳቸውን ዘረጉልኝ። የእኔ ጥላ የገባው ከሰባት ሰው ጥላ በኋላ ነው።