«ብረት አለብዎት?»

በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ በምናነሣበት የኤምአርአይ ክፍል ውስጥ በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ ወይ የሚል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ አባት ያቀረብኩበት አኳኋንና የተሰጠኝ መልስ ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም።

ሐኪሙ በላከው የምርመራ ማዘዣ ላይ የተጻፈው የቆየ ራስ ምታትና የቀኝ ጆሮ የመስማት መቀነስ ነበር። ሰውየው ስልሳን የተሻገሩ፣ ጋቢ የደረቡ፣ ትከሻቸው ገና ያልጎበጠ ናቸው፤ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። መጠይቁን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። የልብ ምት ማስተካከያ ተገጥሞልዎታል? ቀዶ ሕክምና አድርገዋል? የጆሮ መስሚያ አለዎት? ሁሉንም «የለም» እያሉ መለሱ። «ብረትስ አለብዎት አባቴ?» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «ብረት ካስረከብኩ ቆየሁ ልጄ፤ ከ1983 ወዲህ ይዤ አላውቅም» አሉኝ። ልጃቸው ሳቀች፤ አብራኝ የነበረችው ነርስም ሳቀች። እኔም ፈገግ ብዬ «የለም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ፤ እሳቸውም ፈረሙ።

ብረት ማለት ጠመንጃ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት ግቢው በር ላይ ሲፈተሹ የተጠየቁት ስለዚያው ብረት ነበር፤ እኔም ነጭ ጋውን ለብሼ ያንኑ ጥያቄ የደገምኩ መሰላቸው። የመለሱልኝ በሐቅ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር መጠየቄን ረስቼ፣ መልስ ማግኘቴን ብቻ አይቼ ወደ ቀጣዩ መስመር አለፍኩ።

ሰዓታቸውንና ቀበቶአቸውን አወለቁ፤ ሳንቲምና ቁልፍ ለልጃቸው ሰጡ፤ ልብስ ቀይረው ገቡና አልጋው ላይ ተጋደሙ። ምስሉን የሚቀበለውን፣ ራስ ላይ የሚገጠመውን ኮይል ልገጥም ጎንበስ ብዬ በጆሮአቸውና በኮይሉ መካከል ስፖንጁን ሳስተካክል፣ የግራ ቅንድባቸው ጫፍ ላይ ከቆዳው ሥር የምስር ፍሬ የምታህል፣ ወደ ሰማያዊ የምታደላ ነጥብ አየሁ። ከጎኗ ቀጭን ጠባሳ አለ።

«ይህ ምንድን ነው አባቴ?» አልኩ።

«እሱማ ፍንጣሪ ነው። አፋቤት ላይ፣ በ1980፣ የሞርታር ነው። የወጣው ወጣ፤ የቀረው ቀረ።»

እጄ ኮይሉ ላይ እንዳለ ቀረ። በዚያች ቅጽበት ሥራውን የማያውቅ ሰው ሊያስብ የሚችለው ማሽኑን ማጥፋት ነው። የኤምአርአይ ማግኔት ግን ምርመራ ሲጀመር የሚበራ፣ ሲያልቅ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ሽቦው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ፈሳሽ ሄሊየም ውስጥ ተነክሮ ሌትም ቀንም እንደ ሳበ ይኖራል። በአስቸኳይ ማጥፊያው ቢጠፋ ሄሊየሙ ፈልቶ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ በተዘረጋለት ቧንቧ ወደ ውጭ ካልወጣ የክፍሉን ኦክሲጅን ያባርራል። የእኛው ማሽን ኃይል በመግነጢስ መለኪያ 1.5 ቴስላ ነው፤ ይህም ኮምፓስን ከሚያዞረው የምድር መግነጢስ ከ20,000 እጥፍ በላይ የበረታ ነው። ብረት በብርቱ የሚሳበው ደግሞ ኃይሉ በድንገት በሚጨምርበት በማሽኑ አፍ ላይ ነው፤ የሰውየው ራስ ከዚያ የቀረው የክንድ ርዝመት ያህል ነበር።

«አባቴ፣ ራስዎን እንዳያዞሩ፤ ዝም ብለው ወደ ላይ ይመልከቱ» አልኳቸው። አልጋው ከማሽኑ የሚላቀቅ ዓይነት ስለነበር በቀስታ አላቅቄ፣ እግሬን እየቆጠርኩ በሚመስል ርጋታ ወደ በሩ ገፋሁት። የበሩን ደፍ አልፈን እስክንወጣ ድረስ ዓይኔን ከዓይናቸው አላነሣሁም። ምንም አልሆኑም። እሳቸውም ምን እንደ ተፈጠረ አልገባቸውም።

ራጅ ክፍል ወስደን ዓይናቸው አካባቢ ሲነሣ ሁለት ብሩህ ነጥቦች ታዩ። አንዷ እኔ ያየኋት የቅንድቧ ናት። ሌላዋ፣ ከእሷ ያነሰችው፣ ከዓይን ኳሱ በስተኋላ ተቀምጣለች። ጡንቻ ውስጥ ለዓመታት የቆየ ፍንጣሪ ጠባሳ ይከበውና ቦታውን ይይዛል፤ ዓይን ግን እንዲህ አጥብቆ የሚይዝበት ሥጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሕክምና መጽሔት የወጣ ታሪክ አለ፤ በዓይኑ ውስጥ ብናኝ ብረት መኖሩን ራሱ እንኳ የማያውቅ ሰው ኤምአርአይ ከተነሣ በኋላ የዚያን ዓይኑን ብርሃን አጣ። ያ ማሽን 0.35 ቴስላ ብቻ ነበር፤ የእኛ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ራዲዮሎጂስቷ ፊልሙን አይታ ብዙ አልተናገረችም፤ ምርመራው ወደ ሲቲ ስካን እንዲዞር ጻፈች።

ለአባትዬው ነገሩን ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ቆዳቸው ሥር ያለውን ነገር ማሽኑ ሊስበው ይችል እንደነበር፣ ዓይናቸውን ሊጎዳ ይችል እንደነበር ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና፣ ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ «ታዲያ ልጄ፣ ለምን እንደዚያ ብለህ አልጠየቅኸኝም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

በሳምንቱ ጉዳዩን በክፍሉ ስብሰባ ላይ አነሣሁ። የመጠይቁ አማርኛ ከሌላ ቋንቋ ተገልብጦ የመጣ መሆኑን፣ «ብረት» የሚለው ቃል ብዙ ለታጠቀና ብዙ ለቆሰለ ሕዝብ ሌላ ነገር እንደሚያሰማ፣ በዚህ አገር በብዛት የሚገኘው የክላሽ ጥይት እንኳ እምብርቱ ማግኔት የሚስበው ብረት መሆኑን ተናገርኩ። በኃላፊነት የተቀመጡት ሰው አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ፈርመዋል አይደል?» አዎ፣ ፈርመዋል። «እንግዲያው ከእኛ ወርዷል።» ቀጥለው የዕለቱ ተራ በአርባ ደቂቃ መዛነፉን አነሡ።

ይህ «ከእኛ ወርዷል» የሚለው ቃል ከፍንጣሪው ይልቅ ያሳምመኛል። ፊርማው የተቀመጠው እኔ ራሴ ባሳሳትኩት ጥያቄ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት የአንድ ስድስት ዓመት ሕፃን ሕይወት ያለፈው የኦክሲጅን ሲሊንደር ወደ ማግኔቱ ክፍል ገብቶ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ማን ፈረመ የሚለው ጥያቄ የተጎዳውን ሰው አያድነውም። ስብሰባው ላይ ይህን ሁሉ ማለት ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ይቆጨኛል።

መጠይቁ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። እኔ ግን በአፌ የምጠይቀውን ቀየርኩ። አሁን «ጥይት ወይም ፍንጣሪ መትቶዎት ያውቃል? ሙሉ በሙሉ ወጥቷል? ብየዳ ወይም ሞረዳ ሠርተው ያውቃሉ? ዓይንዎ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ያውቃል?» እያልኩ ነው የምጠይቀው። አብረውኝ የሚሠሩትም ለምደውታል። ይህን ካደረግኩ ጥያቄው ተስተካከለ፣ ከእንግዲህ የሚያመልጠኝ የለም ብዬ ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን አንድ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ወጣት ለወገብ ምርመራ መጣ። ከእናቱ ጋር ነው። አዲሱን ጥያቄዬን ቃል በቃል ጠየቅኩት። «በጭራሽ» አለኝ፤ እናቱም «ልጄ ደህና ነው፣ ምንም አልነካው» ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረግኩ፤ ፈረመ። እናቱን ከውጭ አስቀምጠን ወደ ልብስ መቀየሪያው ስንሄድ ኮሪደሩ መሐል ቆመ። ወደ ኋላው ዞር ብሎ በሩ መዘጋቱን አየና እጁን በቀኝ ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ አንድ አለ» አለኝ በሹክሹክታ። «እናቴ አታውቅም።»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁና ምልክቱን ሰርዤ፣ ከእሱ ጋር ብቻ ሆነን ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመርን።