ከቸርኬው ጀርባ የተጻፈው ቁጥር

ደንበኛው ጀርመን ሠራሽ የሆነ ትልቅ የቅንጦት ኤስዩቪያቸውን ይዘው ወደ ወርክሾፓችን ሲመጡ አራት አዳዲስ ቸርኬዎችን ከነጎማቸው አስቀድመው ገዝተው ስለነበር፣ ከእኛ የሚፈልጉት ገጠማና ባላንስ ብቻ መሆኑን በመጀመሪያው ቃላቸው አሳወቁን። ቸርኬዎቹ ባለ 22 ኢንች፣ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም በከባድ ግፊት ተቀጥቅጠው የተሠሩና ዓይን የሚስቡ ነበሩ። ደንበኛው የምርጫቸውን ምክንያት ሲያስረዱም ጉዳዩን በደንብ እንዳነበቡት ያስታውቁ ነበር። ቸርኬ፣ ጎማ፣ የፍሬን ዲስክና ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት ማዕከል) ከሞላው በታች የሚንቀሳቀስ ክብደት በመሆናቸው መንገዱ በመታቸው ቁጥር እንደሚዘሉ፣ የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር ይህን ዝላይ ለመግታት እንደሚደክም፣ ክብደታቸው ሲቀንስ ግን ጎማው ከጉድጓድ ወጥቶ አስፋልቱን ቶሎ መልሶ እንደሚይዝ ያለ አንዳች ስሕተት ነገሩን። የሥራ ትእዛዙን የምሞላው እኔ ስለነበርኩ ንግግራቸውን በሙሉ አዳምጬአለሁ፤ ቸርኬ የሚያስለውጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መልኩ ስለሆነ፣ ይህን መስማቴ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ሚዛኑም ከእሳቸው ጎን ቆመ። ከመኪናው የወረደው ባለ 21 ኢንች የፋብሪካ ቸርኬ አሉሚኒየሙ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሲሆን፣ ከነጎማው 35 ኪሎ ገደማ መዘነ፤ አዲሱ ከነጎማው 27 ኪሎ አካባቢ ሆነ። በእያንዳንዱ እግር ስምንት ኪሎ መቀነስ በዚህ ሙያ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። ወጣቱ ቴክኒሻናችን የግራውን የኋላ ቸርኬ አንሥቶ ሲያስገባው ቡሎኖቹ ቀዳዳቸውን ወዲያው አገኙ፤ ከፍሬኑም ጋር አልተነካካም፣ በእጅ ሲሽከረከርም ያለ ድምፅ ዞረ።

ቡሎኖቹ እንዲህ በቀላሉ መግጠማቸው የሚያስገርም አልነበረም። የመኪናው የቡሎን አቀማመጥ 5 በ112 የሚባለው ነው፤ ይህም አምስት ቡሎኖች 112 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ተደርድረዋል ማለት ነው። መርሴዲስ፣ ኦዲና ፎልክስዋገን ይህንኑ ልክ በብዙ ሴዳኖቻቸውም ላይ ስለሚጠቀሙበት፣ ለ1,600 ኪሎ መኪና ታስቦ የተሠራ ቸርኬ 2,500 ኪሎ በሚመዝን ኤስዩቪ ላይ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይገባል። ሌላ የቡሎን ልክ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ በር ላይ ይያዝ ነበር።

የወርክሾፑ ኃላፊ ገና ያልተገጠመውን አንዱን ቸርኬ መሬት ላይ በፊቱ ደፉት። ከማዕከሉ ጀርባ የነበረውን የፋብሪካ ቅባትና አቧራ በጨርቅ ጠረጉና የተቀረጸውን ቁጥር በጣታቸው ጫፍ እያሳዩ፣ “እስቲ አንብብልኝ” አሉት ቴክኒሻኑን።

“ከፍተኛ ጭነት 725 ኪሎ ይላል፣ ጋሼ።”

“በል አሁን የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብብ።”

ሰሌዳው ለኋላው አክስል የፈቀደው ጭነት 1,800 ኪሎ ነበር። ይህ ለሁለት ቸርኬ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 900 ኪሎ ይደርሰዋል፤ አዲሶቹ ሁለት ቸርኬዎች ተደምረው ሊሸከሙ የሚችሉት ግን 1,450 ኪሎ ብቻ ነው። ኃላፊው ቀና ብለው ወደ ቴክኒሻኑ ተመለከቱና የገጠመውን እንዲፈታ አዘዙት።

ደንበኛው መከፋታቸውን አልሸሸጉም። “ተቀጥቅጦ የተሠራ እኮ ነው፤ ከፈሰሰው ይልቅ ጠንካራ ነው ሲባል አይደል የሰማሁት?” አሉ።

“የሰሙት ልክ ነው” አሏቸው ኃላፊው። “አሉሚኒየሙ ጠንካራ ነው፤ አምራቹ ግን ያን ጥንካሬ ቸርኬውን ለማሳሳት ተጠቀመበት እንጂ ተጨማሪ ጭነት ለማሸከም አላዋለውም።”

ይህ መልስ ጉዳዩን ከማውቃቸው ማብራሪያዎች ሁሉ በተሻለ ሁኔታ ስለሚገልጸው ጥቂት ላክልበት። አሉሚኒየም በከባድ ግፊት ሲቀጠቀጥ ውስጡ ይጠቀጠቃል፤ ቀልጦ በሚፈስበት ጊዜ የሚፈጠሩት ጥቃቅን የአየር ክፍተቶችም አይኖሩበትም፤ ስለዚህ በአነስተኛ ውፍረት ብዙ ይሸከማል። ዲዛይነሩ ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለው፦ በቀድሞው ክብደት ይበልጥ ጠንካራ ቸርኬ መሥራት፣ ወይም በቀድሞው ጥንካሬ ቀላል ቸርኬ መሥራት። ለስፖርት ሴዳን የሚሠራ ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። በሁለቱ አሠራሮች መካከል፣ ከፈሰሰ በኋላ ጠርዙ በሙቀት በሮለር እየተሳበ የሚቀጥን ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ዋጋውም ክብደቱም መሐል ላይ ነው። ሦስቱም ቢሆኑ የሚሸከሙትን መጠን የሚናገረው የአሠራራቸው ስም አይደለም፤ ጀርባቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። የጃፓኑን የቸርኬ መስፈርት የሚያመለክተው የጄደብልዩኤል ምልክት በእነዚህ ቸርኬዎች ላይ ነበረ፤ ምልክቱ መኖሩ ግን ከ725 ኪሎው ላይ ምንም አይጨምርም።

ደንበኛው ቀጥለው፣ መኪናዋን ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ስለሚነዱ ሙሉ ጭነት እንደማትይዝ ገለጹ። ክርክሩ ተገቢ ነበርና በስሌት አየነው። ባዶዋ መኪና ብቻዋን ከኋላ 1,250 ኪሎ ያህል ታሳርፋለች ብንል በአንድ ቸርኬ ላይ 625 ኪሎ ይደርሳል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው ከኋላ ተቀምጦ ሻንጣ ሲጨመር 725 ያልቃል። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ገና አልተነካም።

ጎማዎቹም የተሻሉ አልነበሩም። ልካቸው 265/35 አር 22 (ወርዱ በሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ስፋት በኢንች)፣ የጭነት መለያ ቁጥራቸው ደግሞ 102 ነበር። በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ መሠረት 102 ማለት ለአንድ ጎማ 850 ኪሎ ሲሆን፣ ከመኪናው የወረደው 275/45 አር 21 ግን 110፣ ማለትም 1,060 ኪሎ ነው። ደንበኛው “ንፋሱን ከፍ አድርገን ብንሞላውስ?” ብለው ጠየቁ። ለከባድ ጭነት የተጠናከሩት (ኤክስኤል የሚባሉት) ጎማዎች ሙሉ የመሸከም አቅማቸው የተሰላው በ2.9 ባር፣ የመደበኞቹ ደግሞ በ2.5 ባር ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚጨመር ንፋስ ጎማውን ያደርቀዋል እንጂ አቅሙን አያሳድገውም። በዚያ ላይ የአዲሱ ጎማ ቁመት 744 ሚሊሜትር፣ የነባሩ 781 ሚሊሜትር በመሆኑ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናዋ በ95 አካባቢ ትሄዳለች፤ የጎማው ጎንም ከ124 ወደ 93 ሚሊሜትር ዝቅ ስለሚል ጉድጓድ ሲያጋጥም ምቱን የሚቀበለው ቸርኬው ራሱ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት፣ በእኔ ግምት፣ የሥራው ምርጥ ክፍል ነበር። ኃላፊው ደንበኛውን አስቀምጠው ምርጫውን እንደገና ከሰሌዳው ጀመሩ፤ መጀመሪያ አክስሉ፣ ቀጥሎ የጎማው ቁመት፣ በመጨረሻ ክብደት። ለዚህች መኪና 275/50 አር 20፣ 275/45 አር 21 እና 275/40 አር 22 ቁመታቸው ከ779 እስከ 783 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሦስቱም መለኪያውን ሳያዛቡ ሊገቡ ይችላሉ። ታዲያ ቅለት ለሚፈልግ ሰው ትልቁን ቸርኬ ከመግዛት ትንሹን መግዛት ይሻላል። ቸርኬ በኢንች ባደገ ቁጥር አሉሚኒየሙ ከመሐል ይርቃል፤ ለመሽከርከር የሚያስቸግረው ክብደት ደግሞ ከመሐል ባለው ርቀት ካሬ ልክ ያድጋል። ገንዘብ አውጥቶ በቅጥቀጣ የተሠራ ባለ 22 ገዝቶ፣ ያተረፉትን ቅለት ለስፋቱ መልሶ መክፈል ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም።

የተስማሙት ባለ 20 ኢንች፣ ተቀጥቅጦ የተሠራና ጀርባው ላይ 950 ኪሎ የተቀረጸበት ቸርኬ ላይ ነበር። ጎማው የተጠናከረ 275/50 አር 20 ሆኖ የጭነት ቁጥሩ 113፣ ማለትም 1,150 ኪሎ ነው። ከነጎማው 30 ኪሎ ገደማ መዘነ፤ ከዚህም ውስጥ የበለጠውን ድርሻ የያዘው ጎማው ነበር። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ልካቸው አንድ የሆኑ የተለያዩ ጎማዎች በክብደት ይለያያሉ፤ ንፋሱ ወጥቶም ጥቂት እንዲያስኬዱ ጎናቸው የደነደነው ጎማዎች ደግሞ ይበልጥ ይከብዳሉ። ያም ሆኖ ጎማን በሚዛን ብቻ መምረጥ አይገባም፤ ጎኑ ስስ በመሆኑ የቀለለ ጎማ ለከባድ መኪና ወዳጅ አይደለም።

ቸርኬዎቹ ሲመጡ ገጠማው ጥንቃቄ ጠየቀ። ትንሽ ቸርኬ ወደ ፍሬኑ ይቀርባልና፣ ቴክኒሻኑ የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ በሚጫነው ካሊፐር ጀርባ ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ በስሱ ለጥፎ ቸርኬውን ያለ ጎማ አሰረና ቀስ ብሎ አዞረው። ሲያወርደው ጭቃው ላይ የተጋጠ ቦታ አልነበረም፤ ክፍተቱም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ የሚለጠፉት የባላንስ ክብደቶችም ከዚህ ክፍተት ላይ እንደሚቀንሱ ስላወቀ ወደ ጠርዙ ገፋ አድርጎ ለጠፋቸው። የፋብሪካው ቡሎኖች አንገታቸው ክብ ሲሆን የአዲሱ ቸርኬ መቀመጫ ሾጣጣ ስለነበር አዲስ ቡሎኖች አዘዝን፤ ክቡ ሾጣጣው ውስጥ ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል፣ የሚነካው ግን በቀጭን ቀለበት ብቻ ስለሆነ እየላላ ይሄዳል። ከ100 ኪሎሜትር በፊት ተመልሰው እንዲመጡ ነግረናቸው መጥተው የቡሎኖቹ ጥብቀት በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ተፈተሸ።

ደንበኛው መኪናዋ በተሰባበረ አስፋልት ላይ የተረጋጋች፣ መሪዋም የቀለለ መሆኑን ገለጹ። ስለ አነሳሷ የጠበቁትን ያህል አላገኙም፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ከአራቱ እግሮች የተቀነሰው 20 ኪሎ ሁሉም ጠርዝ ላይ ነበር ቢባል እንኳ፣ ወደፊት ከመሄዱ ሌላ መሽከርከርም ስላለበት መኪና ሲነሣ እንደ 40 ኪሎ ቢቆጠር ነው፤ ከ2,500 ኪሎ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ሻጩ መጀመሪያ የገዟቸውን ባለ 22 ቸርኬዎች በቅናሽ መልሶ ወሰደላቸው። ባለ 20ው በግዙፉ አካል ላይ ትንሽ ይመስላል የሚለው ቅሬታቸው ግን አልቀረም፤ በመልክ ረገድ እውነት አላቸው።

በሥራ ትእዛዛችን ላይ ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመሮች ተጨምረዋል፦ በአክስሉ የተፈቀደ ጭነትና በቸርኬው ላይ የተቀረጸ ጭነት። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ግማሽ ካነሰ፣ ወይም ከነጭራሹ ካልተቀረጸ፣ መኪናው ክሪክ ላይ አይወጣም።